የመጀመሪያዋ ጥይት ከባለቤቱ እጅ

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ስሜን፣ የተወለድኩበትን ቀንና ኦክላንድ ያለውን የቤታችንን አድራሻ ብቻ ነው፤ እሱንም በእንግሊዝኛ፣ በትልልቁ ፊደል። ሰፈራችን ባለው ቤተ መጻሕፍት እንግሊዝኛ የምታስተምረን ሴት ናት፣ በየራሳችን ቋንቋ ስለምናውቀው ሥራ እንድንጽፍ የነገረችን። የእኔ ሥራ አልባኒ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ አንሶላ ማጠብና ማጠፍ ነው። ስለ አንሶላ ለመጻፍ ሞክሬ ገና ከመጀመሬ አለቀብኝ። ሆዴ ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ነው፤ አባቴ የሠራው ጠመንጃና ጠመንጃው የተሞከረበት ቅዳሜ።

ነገሩ እንዲገባ ከአያቴ መጀመር አለብኝ።

ያሳደገኝ አያቴ፣ የአባቴ አባት ነው። ብረት ሠሪ ነበር። በእኛ አገር ብረት የሚሠራ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚያውቅ ያውቃል፤ እዚህ አልጽፈውም። ሰዎች ማረሻና ማጭድ፣ አንዳንዴም ጠመንጃ ይዘው ይመጡና ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያሠሩ ነበር። ውሃ ብናቀርብላቸው "አሁን ጠጣን" ይላሉ። ሕፃን ያዘለች ሴት በደጃችን ስታልፍ ዓይናችን እንዳይበላው የልጁን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች። ዝምተኛ የሆንኩት በዚያ ይመስለኛል። ፊት እየተሸፈነበት ያደገ ሰው፣ ቀና ብሎ ማውራት አይለምድለትም።

ጠመንጃ ሲሆን ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበር። ሠሪው ክፉ አስቦ ብረቱን ቢያበላሸውስ? ለዚህ የወጣ ልማድ አለ። ጥገናው ሲያልቅ ባለጠመንጃው የመጀመሪያዋን ጥይት በገዛ እጁ ለሠሪው ይሰጣል። ሠሪው በሁለት እጁ ይቀበላል። ጥይቷን አያገላብጥም፣ አይመረምርም፤ እንዳለች ያጎርስና ከራሱ ትከሻ ይተኩሳል። በዚህም ሠሪው በብረቱ፣ ባለቤቱም በጥይቱ ክፋት እንዳላሰቡ ይታወቃል። ጥይቷን አገላብጦ ያየ ሠሪ፣ ባለቤቱን በሰው ፊት "ልትገድለኝ ነው" እንዳለው ይቆጠራል። አያቴ የቀኝ እጁ አውራ ጣት አልነበረውም። አንድ ሰውዬ ከየት እንዳመጣት የማያውቃት ጥይት ሰጥቶት ጠመንጃው እጁ ላይ ፈነዳ። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፤ አያቴም አልከሰሰውም። እኔን በቀሩት ጣቶቹ እያጎረሰ ነው ያሳደገኝ። እስከ ዛሬ ጠመንጃ ባየሁ ቁጥር ቀድሞ የሚታየኝ ያ የጎደለ ጣት ነው።

አባቴ ይህን ሁሉ ጥሎ የወጣው እኔ መራመድ ሳልጀምር ነው። በሱዳን በኩል አድርጎ እዚህ አሜሪካ ደረሰ፤ እኔን ያስመጣኝ አያቴ ከሞተ በኋላ ነው። ኤርፖርት ላይ ማን ቀድሞ እንደሚያቅፍ ስላልገባን ተያይተን ቆምን። በመጨረሻ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። አሁንም ቢሆን ብዙ አናወራም። እሱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሚልፒታስ ባለ ፋብሪካ ቶርኖ ላይ ይሠራል፤ ለማሽን የሚሆኑ ጥቃቅን ብረቶች ይቆርጣል። ቅዳሜ ደግሞ ሳን ሆዜ ባለ የጠመንጃ መጠገኛ ሱቅ፣ በጓሮው ክፍል ይሠራል። ሱቁም ፈቃዱም የአንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ነው። እኔም ቅዳሜ ኦፍ ስለሆንኩ አብሬው እሄዳለሁ። የብረት ፍቅፋቂ እጠርጋለሁ፣ መብራት እይዝለታለሁ፣ ዘይት የነካውን ጨርቅ ከንጹሑ እለያለሁ። ብቻዬን ቤት ከምቀመጥ እሱ ሲሠራ ማየት ይሻለኛል። ሲሠራ ፊቱ ይፈታል።

ጋሼ የምላቸው ሰውዬ ባለፈው ዓመት ወደ ሱቁ መጡ። ኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ፀጉራቸው ነጭ ነው፤ ድምፃቸው ግን ሱቁን ይሞላዋል። አንድ አሮጌ የአሜሪካ ጠመንጃ ገዝተው ነበር፤ ድሮ ፈረሰኞች ይይዙት የነበረውን ዓይነት። ማቀባበያው ከቃታው ሥር እንደ ትልቅ ቀለበት የተንጠለጠለ ነው፤ ወደ ታች ገፍተው ወደ ላይ ሲመልሱት ያቀባብላል። ሰደፉ እንደ ቆየ ማር ጠቁሯል። ዕድሜው ከአያቴም ይበልጣል ብሎኛል አባቴ። በርሜሉን ግን ዝገት ውስጥ ውስጡን በልቶታል፤ ለዚያች ጠባብ ቀዳዳ የሚሆን ጥይትም አሁን እንደ ልብ አይገኝም።

ጋሼ የፈለጉት በርሜሉ እንዲለወጥ ብቻ አልነበረም። ቀዳዳው ሰፍቶ ትልቅ ጥይት እንዲጎርስ ነው። በየዓመቱ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ለአደን ይወጣሉ፤ እነሱ ጠመንጃውን አይተው ሳቁባቸው።

"ድቡ ይህን ሲያይ መጥቶ ይስምሃል አሉኝ" ብለው ለአባቴ ነገሩት። "ይህችን ቀዳዳ ይዤ ከምሄድ ወንጭፍ ይዤ ብሄድ ይሻላል። አስፋልኝ ወንድሜ። አውራ ጣቴ ገብታ እንድትወጣ አድርገህ አስፋልኝ።"

አባቴ ሳቀ። እኔ አውራ ጣት ሲሉ መጥረጌን አቆምኩ።

ከዚያ አገር ተጠያየቁ፤ የአንድ ወረዳ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ጋሼ የአባታቸውን ስም ሲጠሩ አባቴ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። እጁ ንጹሕ ነበር። የእሱን አባት ስም ሲጠይቁት ስለ በርሜሉ ሌላ ወሬ አምጥቶ አለፈው። ጋሼም አላስተዋሉም፤ ጀርባውን ቸብ አድርገው "የአገሬ ልጅ ነህ ለካ" አሉት። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው የነገረኝ። አያቴ የእነ ጋሼን ቤት ማረሻ ሁሉ ሠርቷል፤ ከአጥራቸው ውስጥ ግን ቁጭ ብሎ አያውቅም።

ባለሱቁ ጠመንጃውን ፈታትቶ ብዙ ሰዓት ሲያየው ቆየ። የድሮ ብረት እንደ ዘመኑ ብረት አይደለም አለ። አዲሱ ወፍራም በርሜል እንዲገባ፣ በርሜሉን የሚይዘው ብረት አፉ መስፋት አለበት፤ አፉ በሰፋ ቁጥር ዙሪያው ይሳሳል። ይቻላል፤ ግን ለስላሳ ጥይት ብቻ ነው የሚተኮስበት፤ ባሩዱ ያነሰ፣ አፍንጫው ግራጫ እርሳስ የሆነ። ከሰፋ በኋላ የሚቀረውን ብረት በሁለት ጣቶቹ መሐል ለክቶ ለእኔም አሳየኝ። ካሰብኩት የቀጠነ ነበር። አባቴ ለጋሼ በአማርኛ አስረዳቸው። ሐኪም ጨው ይቀንሱ ሲላቸው እንደሚመልሱት ዓይነት "እሺ" አሉ።

ሥራው ብዙ ቅዳሜ ፈጀ። አሮጌው በርሜል አልፈታ ብሎ በዘይት ተነክሮ ሰነበተ። ከዚያ አዲሱ ተቆርጦ መጣ። ጥይቱን ወደ ላይ የሚያነሳው ምላስ የሚመስል ብረት መስፋት ነበረበት፤ ከኋላ የሚዘጋው ብረትም የትልቁን ጥይት ቂጥ እንዲይዝ መሞረድ ነበረበት። አንዱ ሲስተካከል ሌላው ያንቃል። አባቴ ባዶ ቀለህ እያጎረሰ ማቀባበያውን ወደ ታች ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወደ ላይ ያደርግና ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ሲያንቅ "አልዋጠውም" ይላል፣ እንደ በሽተኛ አስታማሚ። በመጨረሻ ድምፁ ቀጥ ያለ ሆነ።

በዚህ መሐል ጋሼ ኦክላንድ ቤታችን መምጣት ለመዱ። የሥራውን ሁኔታ ልጠይቅ ብለው ይመጡና ስለ ወደቡ፣ ስለ አለቃቸው፣ መልስ በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሚሰጧቸው ልጆቻቸው ሲያወሩ ያመሻሉ። መጀመሪያ የመጡ ቀን አባቴ የሚቀመጡበትን ወንበር ሁለት ጊዜ ጠረገው። ውሃ እንዳቀርብ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። ጋሼ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ተቀብለው ጭልጥ አደረጉትና "ድገሚኝ፣ የኔ እመቤት" አሉ። አባቴ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። መጋረጃውን የሚያስተካክል መሰለ፤ መጋረጃው ግን ምንም አልሆነም ነበር።

ጠመንጃው ሲያልቅ ባለሱቁ በራሱ መንገድ ሞከረው። ከብረት ማቀፊያ ጋር አስሮ፣ ከግድግዳ ጀርባ ሆኖ ቃታውን በገመድ ሳበ፤ ለስላሳዎቹን ጥይቶች አንድ በአንድ። ብረቱ ያዘ። ፈትቶ በአጉሊ መነጽር አየው፤ ስንጥቅ የለውም። ባለቤቱ ሊወስደው ይችላል አለ። እፎይ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ግን ብዙም አልቆየልኝ። አባቴ ሲያስረክብ የመጀመሪያዋን ጥይት ራሱ በጋሼ ፊት እንደሚተኩስ ነገረኝ፤ እንደ አገራችን።

ለጋሼም በስልክ ነገራቸው፤ ድምፃቸው ከስልኩ እየወጣ እኔ ወጥ እያማሰልኩ ሰማሁ። ጋሼ ልማዱን ያውቁታል። እንዲህ ያለ ክብር የሚያውቅ ሰው እዚህ አገር አገኛለሁ ብለው እንዳላሰቡ ነገሩት። አባቴ ስልኩን ዘግቶ ፈገግ እንዳለ ቀረ። እኔ ያን ሳምንት አንሶላ ሳጥፍ ጠርዝና ጠርዙ አልገጥም እያለኝ ሰነበትኩ። ባለሱቁ ሞክሮታል፣ ለስላሳ ጥይት ይችላል፣ ምን ያስፈራሻል እያልኩ ራሴን እገሥጻለሁ። ደግሞ ወዲያው፣ የሚሰጡት የእጃቸውን ጥይት ነው፤ እሱ ደግሞ አያይም፤ እላለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሳን ሆዜ በላይ ኮረብታው ላይ ወዳለው የተኩስ መለማመጃ ሄድን። በር ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች ሴት ደንቡን ነገረችን። ከቢጫው መስመር የሚያልፈው ተኳሽ ብቻ ነው። የጆሮ መድፈኛ የማያደርግ ሰው አይገባም። አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው፣ ተኳሽም ባይሆን፣ እጁን አንስቶ "ሲዝ ፋየር" ብሎ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ያቆማል። አባቴ ተረጎመልኝ። ማንኛውም ሰው ሲል እኔን ይጨምራል ብዬ አላሰብኩም።

አባቴ ሊመዘገብ ገባ። ጋሼ እኔን ወደ መኪናቸው ጠሩኝ። ሸሚዛቸው የተተኮሰ ነበር፤ ለሠርግ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። ከመኪናው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ገለጥ ሲያደርጉት ጥይቶች ናቸው፤ ወፋፍራም፣ አፍንጫቸው እንደ አዲስ ሳንቲም ቀይ። ባለሱቁ የሰጠን ግራጫዎቹ በአባቴ ቦርሳ ውስጥ ነበሩ።

"የሱቅ ጥይት ለእንግዳ ይሰጣል" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ለወንድም አይሰጥም። ጓደኛዬ ጋራዡ ውስጥ ራሱ ነው የሞላቸው። ለክብር ናት፣ ምራቂ ጨምርባት አልኩት። ባሩዱን እፍኝ አድርጎ ጨመረልኝ። ዛሬ አባትሽ ሲተኩስ ኦክላንድ ድረስ ይሰማል።"

ሳቁ። እኔም ሰው ሲስቅ እንደማደርገው ፈገግ አልኩ፤ ፊቴ ግን ቀዘቀዘብኝ። "ጋሼ፣ ለስላሳ ነው እኮ የተባለው" ልል አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የወጣኝ መስሎኝ ነበር፤ አልወጣም። እሳቸው መሐረቡን ጠቅልለው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው መራመድ ጀምረዋል።

ከዚያ እስከ መስመሩ ያለው መንገድ አጭር ነው። ለእኔ ግን ብዙ ነገር አሰብኩበት። ስለ ባሩድ ምን አውቃለሁ? ምናልባት ትንሽ ጭማሪ ምንም አይደለም። ምናልባት እፍኝ ያሉት ለቀልድ ነው። ምንም ሳይኖርበት ብናገር፣ ክብር ይዘው የመጡትን ሽማግሌ ገዳይ ማለቴ ነው። ያ የውሃ ብርጭቆ፣ ያ የተጠረገ ወንበር፣ አባቴ ስንት ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ነገር ሁሉ በእኔ አንድ ቃል ሊሰበር ነው። ደግሞ ብናገርስ ማን ይሰማኛል? ሁሉም ጆሮውን ደፍኗል። ወዲያ ወዲህ ይተኮሳል፤ እያንዳንዱ ተኩስ ደረቴን ይመታኛል። አባቴን በእጄ ልጠቅሰው ሞከርኩ። እሱ ግን ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ያስተካክላል እንጂ ወደኋላ አይዞርም።

ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ። ጥይቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ዘረጉ። አባቴ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ዓይኑ ጥይቷ ላይ ሳይሆን የጋሼ ፊት ላይ ነበር። እንደዚያ ያለ ፊት ኖሮት አይቼው አላውቅም። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ዞረና አጎረሳት። ማቀባበያው ወደ ታች ወርዶ ወደ ላይ ተመለሰ። ሰደፉን ትከሻው ላይ አድርጎ ጉንጩን ብረቱ ላይ አስጠጋ፤ ልክ ያ የሳሳው ብረት አጠገብ።

እጄ ሲነሳ ታወቀኝ። ከዚያ ድምፄን ሰማሁት፤ የሌላ ሰው ነው የመሰለኝ።

"ሲዝ ፋየር!"

ከዳር እስከ ዳር ተኩሱ ቆመ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ቀይ መብራት በራ። ባለ ሰደርያዋ ሴት እየሮጠች መጣች። አባቴ ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ሜዳው አድርጎ አስቀመጠ፣ ማቀባበያውን ከፍቶ ጥይቷን አወጣ፣ የጆሮ መድፈኛውን አወለቀ። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። ሴትዮዋ ምን አየሽ ብላ ጠየቀችኝ፤ እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋብኝ።

"ምን ሆንሽ?" አለኝ አባቴ።

"ባሩዱ ምራቂ አለበት" አልኩት። "ጋሼ ናቸው ያስጨመሩት።"

አባቴ ጥይቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ጋሼ ነጭ ጥርሳቸውን እያሳዩ ግራ ተጋብተው አንዴ እኔን አንዴ እሱን አዩ። "ታዲያ ምራቂ ነውር ሆነ?" አሉ። "ሰው ለወንድሙ አጉድሎ ይሰጣል እንዴ?"

አባቴ ለሴትዮዋ ችግር እንደሌለ፣ የጥይት ጉዳይ እንደሆነና እያየነው እንደሆነ ነገራት። እሷም ሳይታይ ማንም እንዳይተኩስ ብላ እዚያው ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ፣ "አያትሽ ጠይቆ አያውቅም" አለኝ። አልተቆጣም። የለመነኝ ነው የመሰለኝ።

"አያቴ አውራ ጣት አልነበረውም" አልኩ።

እኔ እንደሱ ድምፄን ዝቅ ማድረግ አልቻልኩም፤ ገና ጆሮዬ እንደተደፈነ ነበር። ጋሼ ሰሙኝ። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀስ ብሎ ከሰመ። አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"የባለ አራት ጣቱ ልጅ ነህ?"

"ነኝ" አለ አባቴ።

በቃ፣ አበላሸሁት አልኩ። ያን ጊዜ ብረቱ አልነበረም የሚያስፈራኝ። ጋሼ ኮፍያቸውን እጃቸው ላይ እያዞሩ ቆዩ። ፊታቸውን ሳይ የማስታውሳቸውን ሌሎች ፊቶች ፈለግሁ፤ "አሁን ጠጣን" የሚሉትን። ሊሄዱ ነው ብዬ መንገድ ለቀቅሁላቸው።

"ልጅ ሆኜ ማጭድ ይዤ ደጁ ቆሜያለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ጣቱን አይቼ ፈርቼ ነበር። ምን ነካው ብዬ እናቴን ብጠይቃት አፌን አስያዘችኝ።" ወደ አባቴ ዞሩ። "ለምን አልነገርከኝም?"

አባቴ መሬት መሬት እያየ፣ "ጋሼ፣ ጠይቀውኝ በወሬ አለፍኩት" አለ።

ጋሼ ቀይዋን ጥይት ከጠረጴዛው ላይ አነሷት። በመሐረቡ ውስጥ ያሉትንም አወጡ። የማይተኮስ ጥይት የሚጣልበት ቀይ ቆርቆሮ ግድግዳው አጠገብ ነበር፤ አንድ በአንድ እየጣሉ፣ ቆርቆሮው በጮኸ ቁጥር ፊታቸውን ያኮማትራሉ። "ያ ሰውዬ ጋራዡ ውስጥ ስንት ቀን ደከመባቸው" አሉ። የመጨረሻዋን ሲጥሉ ወደ እኔ ዞረው፣ "ድቡ ይመርቅሽ" አሉኝ። ቀልድ ይሁን ቅያሜ አልለየሁትም፤ አሁንም አልለየሁትም።

ከዚያ ግራጫዎቹን ጠየቁ። ከቦርሳው አውጥቼ ሰጠኋቸው። አንዷን መርጠው ኮፍያቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡና እንደገና በሁለት እጃቸው ዘረጉለት። እጃቸው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደ። አባቴ ተቀበለ፤ አጎረሳት። ቀዩ መብራት ጠፋ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጥርሴንም ነከስኩ። ሰደፉ ትከሻውን ሲመታው ያለውን ድምፅ ከተኩሱ ለይቼ የሰማሁት ይመስለኛል። ዓይኔን ስገልጥ አባቴ ቆሟል፤ ጣቶቹን ቆጠርኩ። ለዒላማ የተሰቀለው ወረቀት ላይ ከታች በኩል ትልቅ ቀዳዳ ነበር።

"የድቡን ቁርጭምጭሚት መታኸው" አሉ ጋሼ። ማንም ብዙ አልሳቀም።

ጠመንጃውን ተረክበው ሲሄዱ አባቴን ጨበጡት፤ ረዘም አድርገው። እንደ ሌላ ጊዜው ግን ጀርባውን ቸብ አላደረጉትም። እንደዋወላለን ተባባሉ። ይደውሉ አይደውሉ እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻቸውን ተራራ ላይ ሆነው ሌላ ምራቂ ያለበት ጥይት ቢያጎርሱበትስ የሚል አዲስ ጭንቀት ያዘኝ። ለአባቴ ስነግረው እሳቸው ከእንግዲህ እንደማያደርጉት ነገረኝ። ከየት እንዳወቀ አልጠየቅሁትም።

በኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና ወደ ኦክላንድ ስንመለስ መኪናው ተጠጋግቶ ነበር የሚሄደው። የሚሠራበትን ሚልፒታስ አለፍን። እሱ መሪውን በሁለት እጁ ይዟል። በጨረፍታ እጁን አያለሁ። በልቤ ይቅርታ የሚመስል ነገር እየፈለግሁ ነበር፤ ግን ለምኑ ይቅርታ እንደምጠይቅ አላገኘሁትም። ደግሞ አንድ ነገር ሲመላለስብኝ ነበር። ያች ጥይት ቀይ ነበረች። ግራጫዎቹን ደግሞ ቦርሳው ውስጥ ያስገባው ራሱ ነው። ዓይኑ የጋሼ ፊት ላይ ነበር እንጂ፣ መዳፉ ላይ የተቀመጠ ነገር እንዴት አይታይም? ሲያጎርሳትስ?

ቤታችን በር ላይ ደርሰን ሞተሩን አጠፋ። አልወረድንም።

"አባዬ፣ ጥይቷን አይተሃት ነበር?" አልኩት።

"አይቻታለሁ።"

"ቀይ መሆኗን?"

አዎ ለማለት ራሱን ነቀነቀ።

"ታዲያ ለምን?"

ቁልፉን ከመኪናው ነቅሎ መዳፉ ላይ ይዞ ቆየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፣

"እጃቸውን ዘርግተውልኝ ነበራ፣ ልጄ" አለኝ።